ወደ ግጭት ቀጠና ለሚወጣ የረድኤት ቡድን የ3 ቀን የደህንነት ሥልጠና እንዴት ይሰጣል

በዓለም ዙሪያ በሥራ ላይ ሳሉ ከሚገደሉ የረድኤት ሠራተኞች ከአሥሩ ዘጠኙ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ግጭቱ ያለበት አገር ልጆች ናቸው። እ.አ.አ. በ2024 የተገደሉት 383 ነበሩ። በትግራይ ጦርነት የመጀመሪያ ዓመት ውስጥ የተገደሉት የረድኤት ሠራተኞች 23 ሲደርሱ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሥልጠናው ግን ብዙ ጊዜ ከተማ ሆቴል ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ ስላይድ፣ ለአስተባባሪዎች ይሰጣል። መኪናውን ኬላ ላይ የሚያቆመው ሾፌር፣ እህሉን የሚያራግፈው የመጋዘን ሠራተኛ፣ ሌሊት በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ የግማሽ ቀን ገለጻ ሰምተው ይሄዳሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ ነው። መጀመሪያ ሾፌሩን ጥሩ። ወንበር ከተረፈ አስተባባሪው ይመጣል።

ቋንቋው ሠልጣኞቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ይሁን፦ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ። አንድ ቡድን ውስጥ ሁለት ቋንቋ ካለ በሁለቱም አሠልጥኑ፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ተኩስ ሲነሣ ሰው የሚሰማው የአፍ መፍቻውን ነው።

ቦታው፣ ዕቃውና የሰዓቱ አከፋፈል

ከ12 እስከ 16 ሰው ለሁለት አሠልጣኝ ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ እጁን ሳያንቀሳቅስ የሚመለስ ሰው ይኖራል፤ እጁን ያላንቀሳቀሰ ደግሞ አልሠለጠነም። ሦስተኛ ሰው ሆኖ ቁስል የሚያውቅ ነርስ ወይም የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ይኑር። አዳራሽ የሚያስፈልገው ለመጀመሪያው ቀን ጠዋት ብቻ ነው። ቀሪው ሜዳ ላይ፣ ቡድኑ በሚሄድበት መኪና ይሠራል።

ለ16 ሰው የሚያስፈልገው፦ ለልምምድ ብቻ የሚውል 8 ቱርኒኬት (ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር ላይ ታስሮ በዘንግ የሚጠመዘዝ ማሰሪያ)፣ 40 ጥቅል ፋሻ፣ ጓንት፣ ወፍራም ስፖንጅ (ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ የተበሳበት፣ ለጥልቅ ቁስል ልምምድ)፣ ቀይ የምግብ ቀለም፣ 10 ሜትር ገመድ ለኬላ፣ ሁለት የእጅ ሬዲዮ፣ ያረጁ ነጠላዎች፣ ማርከር። የልምምዱ ቱርኒኬት ወደ መስክ አይሄድም። አሥር ጊዜ የተጠመዘዘ ማሰሪያ ይሳሳል፣ መጠምዘዣውም ይጎብጣል፤ የሚሰበረው ደግሞ በጣም በተፈለገበት ሰዓት ነው። ከገበያ በርካሽ የሚገኘው አስመስሎ የተሠራ ቱርኒኬትም እንዲሁ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን በጭናችሁ ላይ እስከ መጨረሻው ጠምዝዙት፤ ዘንጉ ከተጣመመ መልሱት።

ሥልጠናው ከመጀመሩ ቢያንስ 3 ቀን ቀድማችሁ ለቀበሌውና ለፖሊስ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የሰፈሩንም ሰው በቃል ንገሩ። ጦርነት ባለፈበት ከተማ ሜዳ ላይ ገመድ ዘርግቶ የሚጮህ ሰው ማየት ሕፃናትን ያስደነግጣል፣ የታጠቀ ሰውም ይጠራል። በዚሁ ምክንያት ባዶ ጥይት አታስተኩሱ። ርችትም አይሁን።

አሠልጣኞች በውጭ የለመዱት፣ ፊት ተሸፍኖ በድንገት የሚደረግ የጠለፋ ትርኢት እዚህ አያስፈልግም ብለን እናምናለን። በወልድያ፣ በአክሱም ወይም በወለጋ ከሚሠለጥኑት መካከል እውነተኛውን ያዩ ይኖራሉ። ለነሱ ከትርኢቱ የሚተርፋቸው ትምህርት ሳይሆን ሌሊት የሚመለስ ቅዠት ነው። እያንዳንዱ ልምምድ ምን እንደሚመስል አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ማንም ሰው «ልምምድ ይቁም» ሲል ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ ምክንያት አይጠየቅም።

አንደኛው ቀን ወረቀት፣ የጉዞ ዕቅድ፣ መኪናና ሬዲዮ ነው። የሁለተኛው ቀን ጠዋት ሙሉ ለሙሉ ለደም ማቆም ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ ኬላ። ሦስተኛው ቀን ተኩስ፣ ፈንጂ፣ እገታ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉን የሚያገናኝ ልምምድ። ጊዜ ካጠረ ከየትኛውም ቀንሱ፣ ከደም ማቆሙ ግን አትቀንሱ።

አሠሪውን የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሠልጣኞቹ ለድርጅታቸው የሚያቀርቡትን ጥያቄ በወረቀት ይጻፉ፤ የድርጅቱ ኃላፊ እዚያው ተገኝቶ ይመልስ። ኢንሹራንሱ የጦርነት ጉዳትን ይሸፍናል ወይስ ያገልላል? ብዙ ተራ የሕይወት መድን ውሎች ጦርነትን በአንድ አንቀጽ ያወጡታል። ቆስዬ ብገኝ የምወሰደው ወደየትኛው ሆስፒታል ነው፣ በመኪና ወይስ በአውሮፕላን፣ ወጪውን ማን ይፈርማል? የአገሬው ሠራተኛ በአውሮፕላን ይወጣል ወይስ ይህ ለውጭ ዜጋ ብቻ ነው? ብታገት ደመወዜ ለቤተሰቤ ይቀጥላል? በጊዜያዊ ውል የተቀጠረ ሾፌርና በቀን የሚከፈለው ጫኝ ይካተታሉ? መልሱ «አይ» ቢሆን እንኳ ከመሄድ በፊት ማወቅ ያለበት ሰውየው ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ የግል ማኅደሩን ይሞላል፦ የደም ዓይነት፣ የሚወስደው መድኃኒትና መጠኑ፣ የማይስማማው ነገር፣ የቅርብ ዘመድ ሁለት ስልክ፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶ፣ እንዲሁም እሱ ብቻ መልሱን የሚያውቀው ሁለት ጥያቄ። ይህ ጥያቄ ሰው ሲታገት በሕይወት መኖሩን ለማረጋገጥ ነው። «የእናትህ ስም ማን ነው» አይሆንም፤ መታወቂያ ላይ አለ። «ልጅ ሳለህ የነከሰህ ውሻ የማን ነበር» ይሆናል። ማኅደሩ ታሽጎ ዋና ቢሮ ይቀመጣል፣ መስክ ላይ አይያዝም።

ለሴቶችም ለወንዶችም በግልጽ የሚነገር አንድ ነገር አለ። ጾታዊ ጥቃት ቢደርስ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል። መድኃኒቱ በየትኛው ከተማ፣ በማን እጅ እንዳለ ቡድኑ ሳይነሣ ይወቅ። ጥቃቱን ለማን መንገር እንደሚቻልም በስም ይታወቅ፤ ያ ሰው የተጎጂው የቅርብ አለቃ ባይሆን ይመረጣል።

ሌላው የመመለስ መብት ነው። መኪና ውስጥ ካሉት ማንኛውም ሰው፣ ጀማሪውም ቢሆን፣ «እንመለስ» ካለ መኪናው ይዞራል። ክርክሩ ቢሮ ሲደረስ ይሁን። ይህ ደንብ ተጽፎ ካልተፈረመ ሾፌሩ አለቃውን አፍሮ ዝም ይላል፤ የአደጋ ምልክት የሆነውን፣ መንገዱ ላይ ሰው አለመኖሩን፣ መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ ሾፌሩ ነው።

ስልኩን ማጽዳት

ቀድሞ ነው መጥኖ መደቆስ። ኬላ ላይ ሲደርሱ ፎቶ መሰረዝ ሞት ነው፤ እጅ ስልክ ላይ ሲርመሰመስ የሚያየው ወታደር ምን ያስባል? ከመነሣት በፊት በነበረው ምሽት ይጸዳ። የታጠቀ ሰው ፎቶ፣ የማንኛውም ወገን ባንዲራ፣ የሽለላና የቀረርቶ ቪዲዮ፣ የፖለቲካ ቴሌግራም ቻናል፣ ፌስቡክ ላይ የተወደደ ጽሑፍ፣ ሳይታሰብ የገቡበት የሰፈር ልጆች ግሩፕ። የስልክ ጥሪ ድምፅ እንኳ ይታይ፤ የአንድ ወገን ዘፈን የሆነ እንደሆነ ቀይሩት። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ያለበት ስልክ ላይ ሊያጡት የማይከብድ ገንዘብ ብቻ ይቅር፤ አጋች የይለፍ ቁጥሩን በግድ ይቀበላል። ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆነ ስልክም ጥርጣሬ ያስነሣል፤ የልጅ ፎቶ፣ የሠርግ፣ የጥምቀት ይኑርበት።

መታወቂያም እንደዚሁ ይታሰብበት። ብሔር የተጻፈባቸው የቀበሌ መታወቂያዎች አሉ። የሥራ መታወቂያና ብሔር የማይገልጸውን የፋይዳ መታወቂያ መያዝ ይሻላል። ማን ወደየት ይሄዳል የሚለውም በዚህ ዓይን ይታይ። አንዱን ሾፌር ለአደጋ የሚያጋልጠው ስሙና የንግግሩ ቅላጼ ሊሆን ይችላል። ይህን ጮክ ብሎ መነጋገር ያሳፍራል፤ ግን ካልተነጋገሩበት ስምሪቱ በጭፍን ይወጣል።

የጉዞ ዕቅድና መኪናው

ዕቅዱ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የመኪና ሰሌዳ፣ የተሳፋሪ ስም፣ የመነሻ ሰዓት፣ የሚደወልባቸው ቦታዎች፣ ሁለተኛ መንገድ፣ ማደሪያ፣ የመመለሻ ሰዓት። መድረሻው ቢያንስ ጀምበር ከመጥለቋ 2 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ጎማ ቢፈነዳ ሁለቱ ሰዓት ያድናል። ለታጣቂ ወገኖች የጉዞ ማሳወቂያ ተልኮ ከሆነ ሰሌዳው፣ ቀኑና ሰዓቱ አንድም ሳይዛነፍ መሄድ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ጠዋት አንዱ መኪና እምቢ ይላል፣ ሌላ መኪና ይተካል፣ ማሳወቂያው ግን አልተቀየረም። ያ መኪና ለኬላውም ለድሮኑም የማይታወቅ መኪና ነው። አዲስ ማሳወቂያ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ቁጭ ማለት ነው።

ነዳጅ ከግማሽ በታች አይወርድም። ሁለት ስኮርታ (መለዋወጫ ጎማ)፣ የሚሠራ ክሪክ (ትናንት የተሞከረ)፣ የመጎተቻ ካቦ፣ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ውኃ፣ የሁለት ቀን ደረቅ ምግብ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ባትሪ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳ። ቦርሳው ከኋላ እህል ሥር አይቀበርም፤ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ከውጭም ከውስጥም እጅ በሚደርስበት ቦታ ይንጠልጠል። ሁልጊዜ አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ ይቆማል። የደህንነት ቀበቶ ይታሰር፤ የረድኤት ሠራተኛን ከጥይት ሌላ ብዙ የሚጎዳው የመኪና አደጋ ነው።

ሁለት መኪና ሲኬድ በአቧራ መንገድ የፊተኛውን የሚያይ፣ ግን በአንድ ፍንዳታ አብሮ የማይመታ ርቀት ይጠበቅ፤ ከ50 እስከ 100 ሜትር። የታጠቀ ሰው አይጫንም፣ የሚያውቁት ሰውም ቢሆን፣ የቆሰለም ቢሆን መሣሪያውን ሳያስቀምጥ አይጫንም። መስኮቱ ላይ የመሣሪያ ክልክል ምልክቱ ይለጠፍ፤ ሾፌሩ በእሱ እያሳበበ እምቢ ይላል፦ «ወንድሜ፣ እኔ ብጭንህ ነገ ሥራዬን አጣለሁ።»

የድርጅቱ ምልክት ከላይም እንዲታይ ጣሪያ ላይ ይሳል። ነገር ግን ምልክት ጋሻ አይደለም፤ ይህን ለሠልጣኞች በግልጽ መንገር ተገቢ ነው። በታኅሣሥ 1928 መልካ ዲዳ ላይ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ ምልክቱ እየታየ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተደብድቧል። ምልክቱ የሚጠብቀው የሚያውቀውንና የሚያከብረውን ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ከመሄድ በፊት በየመንገዱ ካሉት ኃይሎችና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር የሚደረገው ንግግር ከቀለሙ ይበልጣል።

ሬዲዮና ስልክ

በትግራይ ጦርነት ጊዜ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ተቋርጦ ቆይቷል። ስለዚህ ኔትወርክ እንደሌለ ቆጥራችሁ ተለማመዱ። የሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት በስለላ ሊያስጠረጥር ይችላል፤ የፈቃዱ ወረቀት ከስልኩ ጋር ይታሰር። የሚሠራው ሰማይ ሲገለጥ ነው፤ መኪና ውስጥ ሆኖ ከመሞከር ወጥቶ አንቴናውን ዘርግቶ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ታጣቂ እያየ ግን አይወጣም።

ሬዲዮ ላይ የሚሳሳተው ሁሉ አንድ ዓይነት ስሕተት ይሠራል፤ ቁልፉን ተጭኖ ወዲያው ይናገራልና የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። አስብ፣ ተጫን፣ አንድ ሰከንድ ቆይ፣ የምትጠራውን ቀጥሎ የራስህን መለያ ተናገር፣ ልቀቅ። ወታደራዊ ነገር አይነገርም፦ የወታደር ብዛት፣ የታንክ አቅጣጫ፣ ማን የት እንደተኮሰ። «መንገዱ አይመችም፣ ተመልሰናል» ይበቃል። ሬዲዮን ሁሉም ወገን ያደምጣል።

የጥሪ ሰዓቱ ሲያልፍ የሚደረገው በቁጥር ይጻፍ። 15 ደቂቃ ሲያልፍ ቢሮው ይደውላል። 30 ሲሞላ የሚቀጥለው ከተማ ያሉ ሰዎች ይጠየቃሉ። አንድ ሰዓት ሲሞላ የደህንነት ኃላፊውና የበላዩ ይሰማሉ። ቢሮ ያለው ሰው «ኔትወርክ ይሆናል» ብሎ እንዳይተኛ ነው የተጻፈው።

ኬላ

ሜዳው ላይ ገመዱን ዘርጉ። እያንዳንዱ ሾፌር ቢያንስ 4 ጊዜ ይለፍ፤ አንድ ጊዜ ረጋ ካለ ወታደር፣ አንድ ጊዜ ከጠጣ ሰው፣ አንድ ጊዜ ከልጅ እግር ታጣቂ፣ አንድ ጊዜ በምሽት። ልጅ እግሩና የጠጣው ከሌሎቹ ይከብዳሉ፤ አለቃቸው ከጀርባቸው እየታያቸው ጀግንነት ማሳየት ይፈልጋሉ።

ገመዱ ከታየበት፣ ማለትም ከ100 ሜትር ያህል ጀምሮ ፍጥነት ይቀነስ፤ ሙዚቃ ይጥፋ፤ መነጽር ይውለቅ፤ መስኮት ይውረድ፤ ስልክ ኪስ ይግባ። ወረቀቱ አስቀድሞ ከፊት መስታወቱ ሥር ይቀመጥ፤ ከኪስ ለማውጣት እጅ ሲወርድ ሽጉጥ የሚያወጣ ይመስላል። ሌሊት ከሆነ የፊት መብራት ዝቅ ይበል፣ የውስጡ ይበራ። ከፊት ያለ መኪና እየተፈተሸ ከሆነ መዞር የሚያስችል ክፍተት ተዉ፤ ገመዱ ላይ አትለጠፉ። የሁሉም መዳፍ ይታይ፣ የሾፌሩ መሪው ላይ፣ የተሳፋሪው ጉልበቱ ላይ። ሞተር አጥፉ ካላሉ አይጠፋም።

የሚናገረው አንድ ሰው ነው። ሰላምታው እንደ አካባቢው ይሁን፤ «እንደምን ዋላችሁ» ሳይባል ወረቀት አይዘረጋም። አንቱታ ለማንም አይበዛም፤ ለ18 ዓመት ልጅም «እርስዎ» ብትሉት ክብር ይሰማዋል፣ ጣቱም ከቃታው ይርቃል። ምድቡን ሳታውቁ «ጓድ» ወይም «ፋኖ» ብላችሁ አትጥሩ፤ «ወንድሜ» ሁሉም ጋር ያስኬዳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ የሚባለው ስም ነው። «ጁንታ»፣ «ሸኔ»፣ «ጃውሳ» የሚሉት ቃላት ሁሉም የአንዱ ወገን አፍ ናቸው፤ አፍ ሲለምዳቸው ሳይታሰብ ያመልጣሉ። በሥልጠናው ሦስት ቀን ውስጥ ቡድኑ በቀልድም ቢሆን እንዳይጠቀምባቸው አድርጉ። «የታጠቁ ኃይሎች» ማለት ይበቃል። «ከዚያ ማዶ ስንት ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ «እኛ የምናየው ሕመምተኛና እህል ነው፤ ለእናንተም ስለ እነሱ አንናገርም፣ ለእነሱም ስለ እናንተ አንናገርም።»

ውሸት አይነገርም። የማይነገረውን ዝም ማለት ይቻላል፤ የተዋሸው ግን ከኋላ ያለው ተሳፋሪ ለብቻው ሲጠየቅ ይፈርሳል። ሲጋራ፣ ውኃ፣ የነዳጅ ገንዘብ ከተጠየቀ ምን እንደሚደረግ ድርጅቱ አስቀድሞ ይወስን፤ ዛሬ የሰጠ መኪና ነገ የሚመጣውን የሌላ ድርጅት መኪና ዋጋ ይተምናል። ዕቃውን ወይም መኪናውን በመሣሪያ ከጠየቁ ግን ክርክር የለም። ቁልፉን ስጡ፣ በቀስታ ውረዱ፣ ራቁ። እህል ይተካል።

ደም ማቆም

የጭን ትልቁ የደም ቧንቧ የተቆረጠ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ አንዳንዴም ከ5 ደቂቃ ባነሰ ይሞታል። ሆስፒታሉ 3 ሰዓት ርቆ ከሆነ የሚያድነው ወይም የሚገድለው አጠገቡ ያለው ሰው ነው። በከተማ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ በወረዳ መንገድ ላይ አምቡላንሱ የራሳችሁ መኪና ነው።

መጀመሪያ ተኩሱ መቆሙን፣ ቦታው ለእናንተ የማያሰጋ መሆኑን አረጋግጡ፤ ጓንት አድርጉ። እጅና እግር ላይ ደም የሚገነፍል ወይም ልብስ አልፎ መሬት የሚያረጥብ ከሆነ ቱርኒኬት ነው። ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር፣ ክርንና ጉልበት ላይ ሳያርፍ ይታሰር። ቁስሉ የት እንደሆነ በልብስ ካልታየ እስከ እግሩ ወይም እስከ ክንዱ መነሻ (ብሽሽት ወይም ብብት አጠገብ) ድረስ ከፍ አድርጉት። ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ወይም ቁልፍ ይውጣ፤ በእሱ ላይ ከታሰረ አይጠብቅም። ማሰሪያው ሳይጠመዘዝ በፊት ጣት እስከማያስገባ ድረስ በጉልበት ይሳብ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አላልቶ አስሮ በመጠምዘዣው ሊያጠብቀው ይሞክርና ሦስት ዙር ላይ ይቆምበታል። ከዚያ ደሙ እስኪቆም መጠምዘዝ፣ ዘንጉን መቆለፍ፣ ሰዓቱን በማርከር ግንባሩ ላይ ወይም ማሰሪያው ላይ መጻፍ። ሕመሙ ከባድ ነው፤ ቁስለኛው «ፍቱልኝ» ብሎ ይለምናል፣ ይሳደባል። አይፈታም። ደም እንዲዘዋወር ብሎ በየጊዜው ማላላት የቆየ ስሕተት ነው፤ ያላላችሁ ቁጥር ደሙ ይፈስሳል። ካልቆመ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በላይ ጨምሩ። ጋቢ ስትጥሉበት ማሰሪያውን አትሸፍኑት፤ ሐኪሙ ሳያየው ሰዓታት ያልፋሉ።

ቱርኒኬት ከሌለ ነጠላ 5 ሳንቲሜትር ስፋት እስኪኖረው እጥፉት፤ ሁለቴ ዙሩበት፣ አንዴ ቋጥሩ፣ ቋጠሮው ላይ ካቻቢቴ ወይም ጠንካራ ዱላ አስቀምጡ፣ እንደገና ቋጥሩ፣ ጠምዝዙ፣ ዱላው እንዳይፈታ እሰሩት። ሽቦ፣ ሲባጎና የጫማ ክር ሥጋ ይቆርጣሉ እንጂ ደም አያቆሙም።

ቱርኒኬት የማይገባባቸው ብሽሽት፣ ብብትና አንገት ናቸው። እዚያ ፋሻውን በጣት እስከ ቁስሉ ሥር እየገፉ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ በሁለት እጅ ሙሉ ክብደትን ጥሎ፣ ሰዓት እያዩ 10 ደቂቃ መያዝ። ቆሟል ወይ ብሎ ማንሣት የለም፤ የረጋውን ደም ይነቅለዋል። ስፖንጁ ላይ 10 ደቂቃ ሙሉ አስይዟቸው። ክንድ ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ ነው ትምህርቱ። ደረት ላይ ያለ ቀዳዳ፣ ለደረት ቁስል የተሠራ መሸፈኛ ከሌለ፣ ሳይታፈን ክፍት ይቆይ፤ ቁስለኛው በሚመቸው መንገድ ቀና ብሎ ይቀመጥ። የተሰካ ብረት አይነቀልም። ውኃም አይሰጥም። ሰውነቱ እንዳይቀዘቅዝ ከሥርም ከላይም ጋቢ ይደረግ፤ ደም የፈሰሰው ሰው በቀትር ፀሐይም ይበርደዋል፣ የበረደው ደም ደግሞ አይረጋም።

ልኩ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአንድ እጁ፣ በራሱ ጭን ላይ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ማሰር አለበት። ያልቻለ እስኪችል ይደግማል።

ተኩስ፣ ከባድ መሣሪያና ድሮን

ከዓይን መሸሸግና ከጥይት መከለል ይለያያሉ። ቁጥቋጦ ይሸሽጋል፣ አይከልልም። የመኪና በር የክላሽ ጥይት ያልፈዋል፤ ከመኪና የሚከልለው ሞተሩና የጎማው ብረት ያለበት ቦታ ብቻ ነው። የቆርቆሮና የጭቃ ግድግዳ አይታመንም፤ ወፍራም የድንጋይ ካብ፣ ጉድጓድ፣ የመንገድ ዳር ቦይ ይሻላል። ተኩስ ሲሰማ መሬት መያዝ፣ አቅጣጫውን ማዳመጥ፣ በደረት መሳብ። አሠልጣኙ «ተኩስ!» ሲል ሁሉም በ2 ሰከንድ መሬት ይያዝ፤ ቆሞ የሚመለከት ሁልጊዜ ይኖራል።

ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ በሆድ ተኝቶ፣ አፍ ትንሽ ተከፍቶ፣ ጆሮ በመዳፍ ተይዞ፣ እግር ወደ ፍንዳታው። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ከመስኮት ራቁ፣ በእናንተና በውጭ መካከል ሁለት ግድግዳ ይኑር። እ.አ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 2003 ባግዳድ፣ የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ በነበረው ካናል ሆቴል አጠገብ የፈነዳው የጭነት መኪና 22 ሰዎች ሲገድል ብዙዎችን ያቆሰለው የመስታወት ስብርባሪ ነበር። ጠረጴዛችሁ መስኮት ሥር ከሆነ ዛሬውኑ አዙሩት።

ድሮን ባለበት አካባቢ ከወታደር መኪና ጋር ተደርድሮ መሄድና እሱ አጠገብ ማደር ትልቁ ስሕተት ነው። ቡድኑ አንድ ዛፍ ሥር አይሰብሰብ። አንድ ቦታ ከተመታ በኋላ ወዲያው መሮጥ ልብ ቢያዝም ሁለተኛው ምት የሚያገኘው ለመርዳት የመጣውን ነው፤ ከከለላ ሆናችሁ ተመልከቱ፣ ከዚያ ጥቂት ሰው ብቻ ይሂድ።

ፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ

ሰው የማይሄድበት ሣር የበቀለበት መንገድ፣ ሳይለቀም የረገፈ ፍሬ፣ የሞተ ከብት፣ የተተወ ምሽግ፣ ቀይ የተቀቡ ድንጋዮች፣ የተመሳቀለ እንጨት የፈንጂ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። እረኛን ጠይቁ፤ ከካርታ ይበልጥ የሚያውቀው እሱ ነው። ለሽንት እንኳ ከአስፋልቱ አትውጡ።

አንድ ሰው ፈንጂ ካየ ወይም ከፈነዳ፦ ቁም፤ ሌሎቹን በድምፅ አስቁም፤ እግርህን ሳታነሣ ዙሪያህን ተመልከት፤ የመጣህበት ዱካ በግልጽ ከታየ በዚያው ዱካ ላይ እየረገጥክ ተመለስ። ካልታየ አትንቀሳቀስ፤ ሰዓታት ቢፈጅም እርዳታ ጠብቅ። ከባዱ የወደቀ ጓደኛ ወዳለበት አለመሮጥ ነው። ከሩቅ ሆናችሁ ራሱን እንዲያስር በድምፅ ምሩት፤ አንድ እጅ ልምምዱ የተደረገው ለዚህ ነው። መኪናው ፈንጂ ከነካ ከጎን በር አይወረድም፤ ከኋላ በጎማው ዱካ ላይ ይወጣል። የተገኘ ቦምብ አይነካም፣ ድንጋይ አይወረወርበትም፤ መጀመሪያ ራቁ፣ ከዚያ ስልክና ሬዲዮ።

እገታ

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በጣም አደገኛ ናቸው፤ አጋቹም ፈርቷል። የሚያዙህን በቀስታ አድርግ፣ ከመንቀሳቀስህ በፊት ተናገር («እጄን ወደ በሩ ልዘርጋ»)፣ ዓይን ለዓይን አትተያይ። መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ቶሎ ንገራቸው። የተሰጠህን ብላ፣ ቀን ቁጠር፣ ስለ ልጆችህ ተናገር፣ ስለ ፖለቲካ ግን አትናገር። ስለ ገንዘብ ራስህ አትደራደር፣ የማትጠብቀውን ቃል አትግባ። ነጻ የሚያወጣ ኃይል ሲመጣ መሬት ተኝተህ መዳፍህን አሳይ። ለቤተሰብም ይነገር፤ አጋች ሲደውል መጀመሪያ ድርጅቱ የሰየመውን ሰው ይጥሩ፣ የተባለውን በወረቀት ይጻፉ፣ የስልኩን ቁጥር ፌስቡክ ላይ አይለጥፉ።

የማጠቃለያው ልምምድ

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ መኪናው ዕቅዱን ይዞ ይነሣል፤ በሬዲዮ ይጠራል፤ ኬላ ይደርሳል፤ ከኬላው አልፎ «ፍንዳታ» ይነገረዋል፤ አንዱ ሠልጣኝ ጭኑ ላይ ቀይ ውኃ ፈስሶበት ወድቋል። 40 ደቂቃ ይበቃል። አሠልጣኙ የሚመዘግበው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው፦ ቱርኒኬቱ የታሰረበት፣ ቢሮው የሰማበት፣ መኪናው ወደ ሕክምና የዞረበት። ሾፌሩ ራሱ ቁስለኛ የሚሆንበት አንድ ዙር ይኑር። ሌላ መንዳት የሚችል ሰው ከሌለ፣ ያ ቡድን ገና ለስምሪት አልደረሰም።

ከልምምዱ በኋላ ቡና ይፈላ፤ መጀመሪያ የሚናገረው ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ሠራተኛ ይሁን። ሥልጠናው በየ6 ወሩ ግማሽ ቀን ይደገም፣ ደም ማቆሙ ግን በየ3 ወሩ። ቦርሳው ውስጥ ያለው ቱርኒኬት ከፕላስቲኩ ወጥቶ፣ ተዘጋጅቶ፣ ከፀሐይ ተሸሽጎ መሆኑን ሾፌሩ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ከዘይትና ከጎማ ጋር አብሮ ይፈትሽ።